በሩ ዩዌን አላውቅሽም ሲላት

ዩዌ ጠዋት ስትነሳ የፊቷ ግራ ጎን ወድቆ ነበር። ዓይኗ አልከደን፣ ከንፈሯም አልንቀሳቀስ አላት። ባሏ መርከበኛ ስለሆነ ባሕር ላይ ነው። ሐኪም በስልክ አይቷት፣ «የፊት ነርቭ ነው፤ መድኃኒቱን ዛሬውኑ ጀምሪ» አላት።

መድኃኒቱን ሞተረኛ እስከ ግቢው በር አመጣላት። ዩዌ የሁለት ዓመት ልጇን ቲንግን ተኝታ ትታ፣ የጎድን ሾርባዋን እንደጣደች፣ ስልኳን እንኳ ሳትይዝ ወረደች።

ስትመለስ የቤቷ በር ላይ ቀይ መብራት በራ። ቁልፍ የለውም፤ የሚከፍተው ፊት አይቶ ነው።

«ፊትዎ አልተመዘገበም» አላት።

የወደቀውን ጉንጯን በጣቷ ደግፋ ቀና አለች። አሁንም ቀይ። ባሏ ያወጣው የምስጢር ቁጥር ነበር፤ አንድም ቀን ተጠቅማበት ስለማታውቅ ጠፋባት። የሞከረችው ሁሉ ስህተት ሆነ። ከውስጥ የሚያር ነገር ሸተታት። ቲንግ ነቅታ ማልቀስ ጀመረች።

«ቲንግዬ፣ እናትሽ ነኝ! ወደ ማድ ቤት እንዳትሄጂ!» ንግግሯ ግን ተኮላተፈ።

ጩኸቱን ሰምቶ ነዋሪው ሁሉ «አጎቴ ሁ» የሚለው የሕንፃው ጥበቃ መጣ። በሩን በትከሻው ቢገፋው ንቅንቅ አልል አለ። ማዶ ሕንፃ ለምትኖረው ለዩዌ ታናሽ እህት ለላንሺን ደወለላት።

ላንሺን መዶሻ ይዛ እያለከለከች ደረሰች። ገና ክንዷን ሳታነሳ አረንጓዴ በራ።

«እንኳን ደህና መጡ፣ ዩዌ» አለ በሩ።

ሦስቱም ክው አሉ። ዩዌ ቀድማ ገባች። ጭሱ መሐል ልጇን አፈፍ አድርጋ አቀፈቻት፤ ላንሺን ምድጃውን አጠፋች። ቲንግ ከሳል በቀር ምንም አልሆነች።

ሲረጋጉ ላንሺን ሳቀች። «እኔ ካንቺ እንደማምር በሩም ያውቃል ማለት ነው!»

ዩዌ አልሳቀችም። «አንቺ ተመዝግበሽ ታውቂያለሽ?»

«ኧረ እኔ አልተመዘገብኩም!»

«መንታዬም አይደለሽም።»

«አይደለሁም።»

«እንግዲያ እስከዛሬ ለስንት ሰው ሲከፍት ኖሯል?»

አጎቴ ሁ ኮሪደሩን ግራና ቀኝ አየና፣ «የኔም ቤት በር ይኸው ነው'ኮ» አለ ቀስ ብሎ።

ከሰዓት በኋላ ቁልፍ ሠሪ ጠርተው ፊት የሚያየውን መሣሪያ አስነቀሉና ተራ ቁልፍ አስገጠሙ። ባሏ በስልክ፣ «ውድ ዕቃ'ኮ ነው! አስተካክሉት ማለት አይሻልም?» ብሎ ተቆጣ።

«አንተ ስትመጣ እኔ ነኝ የምከፍትልህ» አለችው በግማሽ አፏ፣ ልጇን ከደረቷ ሳታወርድ።