ሞዴሌ የወደደው ደብተር

የሂሳብ ሰው ነኝ። ሰው የበላውን ምግብና የተወጋውን ኢንሱሊን ከነገሩኝ፣ በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር የት እንደሚደርስ እተነብያለሁ። ስድስት መቶ ሕሙማን በየቤታቸው ለክተው በደብተር የጻፉትን ይዤ ሦስት ዓመት ለፋሁና ሞዴል፣ ማለትም የሚተነብይ የስሌት ፕሮግራም፣ ሠራሁ፤ ትንበያው ከደብተሮቹ ጋር ልክ ገጠመ። ያጨበጨቡልኝ ምሁራን አንዳቸውም የክሊኒክ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አያውቁም። እኔም አላውቅም ነበር።

ሞዴሉ በክሊኒክ ኮምፒውተር የመድኃኒት መጠን መወሰን በጀመረ በሳምንቱ፣ ስኳር ያለባትን ታላቅ እህቴን ይዤ ወደ ክሊኒኩ ሄድኩ። የእግሯ ጣቶች ከደነዘዙ ወር አልፏቸዋል፤ መጠኗ ካልተስተካከለ እግሯን ልታጣ ትችላለች። ኮሪደሩ ላይ ባዶ ደብተሯን አወጣችና እስክሪብቶ ተቀበለችኝ። 118፣ 124፣ 121። ሁሉም የጤነኛ ሰው ቁጥር። የሁለት ሳምንቱን በአምስት ደቂቃ ሞላችው።

«እትዬ፣ ምንድን ነው የምትጽፊው?»

«ስኳሬን ነዋ።»

«መለኪያሽ እኮ ሦስት መቶ አርባ ነው የሚለው።»

«እሱን ብጽፍ ሲስተሯ ፊቷን ታጠቁርብኛለች። በዚህ ዕድሜዬ እንደ ሕፃን ልቆጣ?»

አጠገቧ የተቀመጡ ጡረተኛ ሹፌር ጣልቃ ገቡ። «ልጄ፣ አልፎ አልፎ መቶ ስልሳ ጣል አድርጊበት። አለዚያ ይነቃብሻል። እኔ ስምንት ዓመት እንዲህ ነው የኖርኩት።»

አግዳሚው ሁሉ ሳቀ። ሦስት ዓመት ሙሉ ያጠናሁት ደም አልነበረም፤ ቁጣ የሚፈሩ ሰዎችን የእጅ ጽሑፍ ነበር።

ተራችን ሲደርስ መለኪያዋን በሲስተሯ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት። «ደብተሩን ይተዉት። እውነተኛው ይኸው።»

ሲስተሯ እህቴን ገላመጠቻትና ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አስገባች። ኮምፒውተሩ በቀይ ጻፈ፦ ልኬቱ ስሕተት ነው፤ ታካሚዋን ደግመው ይጠይቁ።

ያቺን ትእዛዝ የጻፍኳት እኔ ነኝ። ከሞዴሌ የራቀ ቁጥር ሁሉ የታካሚ ስሕተት ነው ብዬ፣ አንድም ታካሚ ሳልጠይቅ።

«አየህ» አለች እህቴ፣ «ያንተዋ ማሽንም ትቆጣለች።»

«ሲስተር፣ የተሳሳተው ፕሮግራሙ ነው። የሠራሁት ራሴ ነኝ።»

«እንግዲያው አለቆቼን ያነጋግሩ። ኮምፒውተሩ ካልተቀበለ መጠን መቀየር አልችልም፤ ውጭ ደግሞ አርባ ሰው ይጠብቀኛል።»

ደብተሩን ስባ 118፣ 124፣ 121 እያለች አስገባች። ወዲያው ተቀበለ፦ ቁጥጥሩ ጥሩ ነው፤ መጠኑ አይቀየር።

«ጎበዝ» አለቻት።

ድምፄን ከፍ አድርጌ መጨቃጨቅ ስጀምር እህቴ ክንዴን ያዘች። «ና እንሂድ። ሰው ፊት አታዋርደኝ።»

የመድኃኒት ማዘዣ ወረቀቷን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ቀድማኝ ወጣች። አንድ ጫማዋ ከእግሯ ወልቆ ጠረጴዛው ሥር ቀርቷል፤ ኮሪደሩን እስክትጨርስ አልታወቃትም።