በገዛ ጽሑፏ ሌባ የተባለችው

አንድ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ መሣሪያ ከጀርም የምታጸዳ ሴት ነበረች። ጉጠቱንና መስታወቱን ከበሽተኛ አፍ ተቀብላ፣ አጥባ፣ በእንፋሎት ማሽን ቀቅላ ትመልሳለች። ማሽኑ ተበላሽቶ ሦስት ሳምንት ሲሞላው ለክሊኒኩ ባለቤት ለዶክተሩ ነገረችው።

«በአልኮል ጠረግ ጠረግ አድርጊው፤ ማን ያያል?» አላት።

ነገሩ ዕረፍት ነሳት። ኢንተርኔት ላይ «ጓንት» በሚል ስም በከፈተችው ገጽ፣ የክሊኒኩን ስም ጠቅሳ፣ ካነሣችው የማሽኑ ፎቶ ጋር ጻፈችው። በሁለት ቀን ሰው ተቀባበለው፤ ቀጠሮ በሚሰርዙ ሰዎች የክሊኒኩ ስልክ ሲጮህ ዋለ።

በሦስተኛው ቀን ጽሑፉ ጠፋ። «በቅጂ መብት ጥሰት ምክንያት ተነሥቷል» ይላል ቦታው። ከሳሹ ሰምታው የማታውቀው የዜና ድረ ገጽ ነው። ብትከፍተው የራሷ ጽሑፍ፣ የፊደል ግድፈቱ ሳይቀር፣ ተለጥፏል፤ አናቱ ላይ ግን የአምና ቀን ሰፍሯል። ዶክተሩም ሠራተኞቹን ሰብስቦ፣ «ያ ወሬ የአምና ነው፤ የሌላ ክሊኒክ ታሪክ ሰርቀው ነው የለጠፉብን» አለ፤ ፊቱ ፈክቷል።

ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ ጠበቃ ወንድሟ ቢሮ ገባች።

«ወንድም ጋሼ፣ ማሽኑ የተበላሸው አሁን ነው! አምና እንዴት ይጻፋል?»

«ቁጭ በይ እስቲ።»

አልተቀመጠችም። ከበሩ መስኮቱ ድረስ ትመላለሳለች።

«ቅሬታ ሲደርሰው ገጽሽን የሚያስተናግደው ኩባንያ መጀመሪያ ያነሣል፣ ኋላ ይጠይቃል። አንቺ ተቃውሞ ካስገባሽ፣ ከሳሹም በሁለት ሳምንት ውስጥ ፍርድ ቤት ካልሄደ፣ ጽሑፍሽ ይመለሳል።»

«እናስገባዋ ታዲያ!»

የተቃውሞውን ቅጽ አዙሮ አሳያት፤ ሙሉ ስም፣ የቤት አድራሻ፣ ስልክ፣ ፊርማ። «ይሄ ሁሉ ለከሳሹ ይላካል። የፈለጉትም ጓንት ማን እንደሆነች ማወቅ ይመስለኛል።»

«እነሱ ውሸታቸውን ሲከሱስ አይጠየቁም?»

«ሕጉ ይጠየቃሉ ይላል። ግን ማንን እንያዝ? ድረ ገጹ ስልክም ቢሮም የለው።»

«የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም በለኛ!» ብላ ቅጹን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

አራት ቀን ይዛው ዞረች። በር በተንኳኳ ቁጥር ትደነግጣለች። በአምስተኛው ቀን አንዲት አሮጊት ወንበሩ ላይ አፋቸውን ከፍተው፣ ዶክተሩ እጁን ዘርግቶ ጉጠት ጠየቃት። ጉጠቱ ጠዋት ሌላ ሰው አፍ ገብቶ የወጣ ነው። ጉጠቱን አልሰጠችውም።

«እማማ፣ ይነሡ» አለች። «መሣሪያው ንጹሕ አይደለም። ሌላ ቦታ ይታከሙ።»

«አብደሻል?» ዶክተሩ ጮኸ።

«ጓንት እኔ ነኝ።»

ሴትዮዋ ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ። እሷም ከሥራ ተባረረች፤ በዚያው ዕለት ቅጹን ፈርማ ላከች።

ከዚያ በኋላ ቀኑ አልገፋ አላት። ስልኳን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፤ ያጠበችውን ዕቃ መልሳ ታጥባለች። ከሳሹ ግን ፍርድ ቤት ብቅ አላለም። በአሥራ አምስተኛው ቀን ጽሑፉ ተመለሰ። በሳምንቱ የጤና ተቆጣጣሪዎች መጥተው ክሊኒኩን አሸጉት።

ወንድሟ ደስ ብሎት ሲደውልላት፣ እሷ ሌላ መልእክት እያነበበች ነበር፤ አዲስ ድረ ገጽ፣ አሁን ደግሞ ፎቶው የኔ ነው ብሏል።

«አይዞሽ» አላት።

«ምን አይዞሽ አለው? ስሜን እንደሆነ ያውቁታል። ቅጹን ላክልኝ።»