ልጋግ የለበሰው ኮራል

ተሰማ የጉምሩክ ትራንዚተር ነው። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ባለው ቤቱ ሳሎን ውስጥ የባሕር ዓሣ የሚያኖርበት የመስታወት ገንዳ አለው። የባሕር ውሃውን ከጅቡቲ በጀሪካን የሚያመጣለት የከባድ መኪና ሾፌሩ ሃሺ ነው። እንጉዳይ የሚመስለውን፣ ኮራል የሚባለውን ለስላሳ የባሕር ፍጥረት ያመጣለትም እሱ ነበር፤ ጅቡቲ ያለው አማቹ ከራሱ ገንዳ ቆርጦ ሰጥቶት።

ኮራሉን አብልጣ የወደደችው ግን የተሰማ ሚስት የኔነሽ ነበረች። ዳሌዋ ተሰብሮ ቤት ከዋለች ወዲህ ገንዳው አጠገብ ተቀምጣ፣ ጠዋት ጣት የሚመስሉ ጫፎቹን ሲዘረጋ ማታ ሲሰበስብ ታየዋለች። "ዛሬ አርፍዶ ተነሣ" ትላለች፣ የቤት ሰው ይመስል።

ሰኔ ላይ ኮራሉ ጣቶቹን እንደሰበሰበ ቀረ። ቆይቶ የሚያብረቀርቅ ልጋግ ለበሰ። ተሰማ የውሃውን ጨው ለካ፤ ፓምፑን ፈታትቶ አጠበ፤ ሙቀቱ ይሆናል ብሎ በረዶ በፌስታል አድርጎ ውሃው ውስጥ ነከረ። ልጋጉን በሲሪንጅ ውሃ እየረጨ ቢያጥበውም ተመልሶ መጣ። ሃሺ ጋ ቢደውል ስልኩ አይሠራም፤ መንገድ ላይ ነው። ኢንተርኔት ላይ ደግሞ የበሰበሰ ኮራል ገንዳውን በክሎ ዓሦቹን ሁሉ እንደሚጨርስ አነበበ።

"ሃሺ እስኪመጣ ተወው" አለችው የኔነሽ። "አልሸተተም እኮ።"

"እስኪሸት ከጠበቅንማ ዓሦቹ አለቁ።"

በቢላ ከድንጋዩ አላቀቀውና ባዶ ባልዲ ውስጥ ከትቶ ጓሮ አስቀመጠው። የኔነሽ ፊቷን አዞረች።

በማግስቱ ቀትር ላይ ሃሺ ደወለ። የሆነውን ሳይሰማ፣ ስለ ልጋጉ ብቻ ሲነገረው ሳቀ።

"አቦ ጋሽ ተሰማ፣ እሱ እኮ እንደ እባብ ቆዳውን እየገፈፈ ነው። አማቼ ቤት ስንቴ አይቻለሁ። ትንሽ ይዘጋና ከበፊቱ ሰፍቶ ይከፈታል። ብቻ እንዳይነኩት።"

ተሰማ ስልኩን ሳይዘጋ ወደ ጓሮ ሮጠ። የድሬ ፀሐይ ባልዲውን አግሎታል። ልጋጉ እንደ ወረቀት ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ሲልጠው ከሥሩ ንጹሕ አዲስ ቆዳ ወጣ። ገንዳው ውስጥ መለሰው። ወደ ማታ ኮራሉ እየተቆራረሰ መውደቅ ጀመረ፣ ያኔ ሸተተ። እንደገና አወጣው።

"ቀድሞም በስብሶ ነበር" ሊላት ይችል ነበር፤ አላደረገውም። ሁሉንም ነገራት። የኔነሽ እስከ መጨረሻው ሰማችውና፣

"ከሥር የወጣው ምን ዓይነት ነበር?" አለች።

"ቢጫ። በጣም ቢጫ።"

"ለዓሦቹ ፈርተህ ነው" አለችው።

ብትቆጣው ይቀለው ነበር። ከዓሦቹ አንድም አልሞተም። ሃሺ ሌላ ቁራጭ ላምጣ ብሎ አማቹን ቢጠይቅ፣ ሰውየው ገንዳውን ከነኮራሉ ሸጦ ነበር። ተሰማ ይህን ለየኔነሽ ሊነግራት ብዙ ጊዜ አስቦ፣ እስካሁን አልነገራትም።