በልክ የተሠራ ወንበር

ሶፋ ሰሪው ጋደም ባለ ቁጥር የበላው ነገር ጉሮሮው ድረስ እየተመለሰ ስለሚያቃጥለው፣ ስንት ዓመት ሙሉ ሲተኛ የኖረው ራሱ በሠራው ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ነው። ወንበሩ እንደ ሙሉ ልብስ በልኩ የተሠራ ነው። ሚስቱ መኝታ ቤት፣ እሱ ሳሎን፤ ሲጣሉም ሲታረቁም እንደዚያው። ሐኪም ቀዶ ጥገና ይደረግልህ ሲለው እሺ ያለው ለቃሩ ብሎ አይደለም፤ ቃሩንማ ለምዶታል። የሚስቱ ጎን ናፍቆት ነው።

ሐኪሙ ሆዱን ሳይቀድ፣ በትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና መሣሪያ አስገብቶ የጨጓራውን አናት በምግብ ቧንቧው ዙሪያ ጠቀለለና ሰፋው።

“ጠበቅ አድርገው ነው የሰፉት?” አለ ሶፋ ሰሪው፣ እንደ ሙያ ጓደኛ።

“ከእንግዲህ ወደ ላይ የሚመለስ ነገር የለም።”

እውነቱን ነው። ግሳትም ቀረ።

ፈሳሽ ብቻ ሲጠጣ ሰንብቶ ደህና ምግብ ሲጀምር ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጠረ። ወደ ላይ መውጫ ያጣው አየር በታች በኩል መንገድ አገኘ፤ አግኝቶም አልቀረ፣ ተመላለሰበት። ሱቅ ውስጥ አንድ ደንበኛ አዲስ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ሲሞክር ድምፅ ሰማና፣

“የሶፋው ሞላ ነው የጮኸው?” አለ።

“ሞላው ነው” አለ ሶፋ ሰሪው።

አልጋ ላይ ግን የሚያሳብብበት ሞላ አልነበረም።

“አንተ ሰውዬ፣ ብርድ ልብሱን ልታበረው ነው እንዴ?” ትለው ነበር ሚስቱ መጀመሪያ ሰሞን፣ እየሳቀች። ቆይታ ሳቁን ተወችው። ቆይታ መስኮት መክፈት ጀመረች። አንድ ቀን ጠዋት ሲነቃ አጠገቡ የለችም።

ሐኪሙ ጋ ተመልሶ ሄደ።

“ቃር አለ?”

“የለም።”

“ሲተኙ ይመለሳል?”

“ኧረ አይመለስም።”

“እንግዲህ ተሳክቷል ማለት ነው።”

“አየሩስ ዶክተር?”

“ይለምዱታል።”

“እኔማ ለምጄዋለሁ” አለ ሶፋ ሰሪው።

ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ወንበሩ ላይ ሸለብ አድርጓታል። እግሮቿ ተንጠልጥለዋል። ትንሽ ቆሞ አያት። ከኪሱ ሜትሩን መዘዘና ከተረከዟ እስከ ወለሉ ለካ። አንድ ዓይኗን ገለጠች።

“ምን እየሠራህ ነው?”

“እግርሽ መሬት አይነካም።”

“ለጊዜው እኮ ነው” እንድትለው ጠበቀ።

“መደገፊያውንም ትንሽ ሳሳ አድርግልኝ” አለች፤ “አንገቴን ይገፋኛል።”

መጋዙን አምጥቶ፣ ወንበሩን ገልብጦ፣ አራቱንም እግሮች እኩል አሳጠራቸው። ለእሱ ቁመት ከእንግዲህ አይሆንም። ማታ አልጋው መሀል ላይ በጀርባው ተንጋለለ። ምንም አላቃጠለውም።