የክሪክ ዘይት

ተሻገር ሃይላንዱን አንሥቶ ክሪኩ ውስጥ ሊያንጠባጥብ ሲል እጁ ላይ ቀለለው። ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ አየው። ሰኞ ዕለት እስከ አንገቱ የሞላው የክሪክ ዘይት ከግማሽ በታች ወርዷል።

ክሪክ መኪና ማንሻ እንጂ ዘይት ጠጪ አይደለም። በዓመት አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ፣ ጠብ ጠብ ይደረግበታል። ይኼን ያህል ዘይት የት ሄደ?

ዞሮ መደርደሪያውን አየ። ሌላው ሃይላንድ እዚያው ቆሟል። የፍሬን ዘይት ነው፤ ሐሙስ ማታ የላንድክሩዘሯን ፍሬን ሲሞላ አጋምሶታል። እሱ እንደሚያውቀው አጋምሶታል። አሁን ግን ሙሉ ነው። አንድ ጠብታ አልጎደለም።

ሁለቱን ፕላስቲኮች በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። የሁለቱም ክዳን በምስማር ተበስቷል። የሁለቱም ፈሳሽ ነጣ ያለ ቢጫ ነው።

ሱማሌ ተራ ሥራ ሲለምድ ጀምሮ እንዲህ ነው የሚሠራው። ዘይቱን ከትልቁ ጣሳ ይገለብጣል፤ ድሮ በጠርሙስ፣ ኋላ በውሃ ፕላስቲክ። ክዳኑን ይበሳና ጨመቅ ጨመቅ እያደረገ ይሞላል። ስም ጽፎበት አያውቅም። ጣቱን ነክሮ ያሸታል፤ በቃ። ቶሮንቶ ከመጣ ሠላሳ ዓመት ሲሆነው፣ ኢስት ዮርክ የራሱን ጋራዥ ከከፈተ አሥራ ስምንት፣ አፍንጫው አንድ ቀን አሳስቶት አያውቅም ነበር።

ከሁለት ክረምት በፊት ታሞ ሲነሣ አፍንጫው አብሮት አልተነሣም። ቤንዚን አይሸተው፣ ሽንኩርት አይሸተው። ለማንም አልተናገረም። ጣቱን ነክሮ ወደ አፍንጫው ማስጠጋቱንም አልተወም፤ ደንበኛ ሲያየው ደስ ይለዋል። ዘይቶቹን ግን በቦታቸው ነበር የሚለያቸው፤ የፍሬኑ በግራ፣ የክሪኩ በቀኝ። ረቡዕ ማታ ልጁ ሀኒ ከሥራ ስትወጣ ጎራ ብላ መደርደሪያውን ወልውላ መልሳ ደርድራለት ነበር። ጎበዝ ብሏት ነበር። ዛሬ ጠዋትም እንደገና ደርድራዋለች፤ ግራና ቀኙ ሁለቴ ሳይቀያየር አልቀረም።

ወደ ቢሮው ገብቶ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ኩባያ አነሣ።

"አባዬ፣ እሱ የኔ ነው" አለች ሀኒ ከኮምፒውተሩ ቀና ሳትል። አዘቦት አዘቦት ኢንሹራንስ ቢሮ ትሠራለች፤ ቅዳሜ እየመጣች የጋራዡን ወረቀት ታስተካክልለታለች።

"ውሃ አምጪልኝ።"

"ሻይ ልጠጣበት እኮ ነው። ደሞ በዛ እጅህ..."

"ሀኒ! ውሃ!"

ድምፁን ስትሰማ ተነሣች። ኩባያውን ግማሽ ድረስ ሞልታ ሰጠችው። ከሙሉው ሃይላንድ ጥቂት ጠብ አደረገበት። ዘይቱ ውሃው ውስጥ ገብቶ ጠፋ።

"ምንድነው እሱ? ሳይንስ ፌር ነው?"

ኩባያውን ደፍቶ ሌላ ውሃ ራሱ ቀዳና ከጎዶሎው ሃይላንድ ጨመረ። ይኼኛው አልገባም። እንደ ወጥ ቅባት ከላይ ተንሳፍፎ ቀረ።

"የፍሬን ዘይት ውሃ ውስጥ ይሟሟል" አለ ተሻገር። "የክሪክ ዘይት ይንሳፈፋል። ሐሙስ ማታ የሞላሁት ይኼን ነው።"

"ምኑ ላይ?"

ተሻገር ላንድክሩዘሯ ቆማበት ወደነበረው ባዶ ቦታ ዞረ።

"ዌት። የዙበይር መኪና ላይ? ጠዋት የወሰዳት?"

"ደውዪለት።"

ደወለች። ጠራ፣ ጠራ፣ መልእክት ተዉ አለ። እንደገና ደወለች። ተሻገር ስልኩ እንደማይነሣ ያውቃል። ዙበይር መድኃኒት ቤት ያለው፣ ጨዋታ አዋቂ የሐረር ልጅ ነው፤ በዚህች የስልሳ ሰባት ሥሪት ላንድክሩዘር የመጣ ግን ቀልድ አያውቅም። ከመሪው እስከ ቦልቷ ኦሪጂናል ካልሆነ ብሎ ሁለት ዓመት ሙሉ ዕቃ ሲያስስ ኖሯል። ጠዋት ቁልፉን ሲቀበል ስልኩን ቦርሳው ውስጥ ወርውሮ፣ "እሷ ውስጥ ስልክ አይነካም፣ ጋሼ። በሷ ዘመን ስልክ ግድግዳ ላይ ነበር" ብሎ ስቆ ነበር።

"አያነሣም" አለች ሀኒ። "የት ነው የሚሄደው?"

"እናቱን ከፍሌሚንግደን ፓርክ አሳፍሮ ወደ ሸለቆው ይወርዳል። የድሮ መኪና ያላቸው ሰዎች ዛሬ እዚያ ይሰበሰባሉ። በፖተሪ ሮድ ነው የምወርደው ብሎኛል።"

ሀኒ ቁልፏን አነሣች። ፖተሪ ሮድን ሁለቱም ያውቁታል። ተሻገር ፍሬን የሠራለትን መኪና ሁሉ ራሱ ነድቶ የሚፈትንበት ቁልቁለት ነው። ይህችን ግን አልፈተናትም። ዙበይር ጋራዡ ሳይከፈት መጥቶ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ አንዴ ብቻ የሰፈሩን ብሎክ ዞሩባት። ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ነበር። "ኦሪጂናል ፍሬን ማለት ይኼ ነው!" ሲል ዙበይር፣ ተሻገር ምስጋናውን ተቀበለ። ፔዳሉ ለምን እንደዚያ እንደ ጠነከረ አልጠየቀም።

አሁን ያውቀዋል። ማዕድን ዘይት የፍሬኑን ጎሚኒዎች ያሳብጣቸዋል። ዘይቱን የሚገፉት እነዚያ ትንንሽ የጎማ ክዳኖች ያድራሉ፣ ይውላሉ፣ ይነፋሉ። መጀመሪያ ፔዳሉ ይጠነክራል። ቀጥሎ ፍሬኑ ይዞ አልለቅም ይላል፤ ጎማው ውስጥ ያለው ታምቡር ይግላል። መጨረሻ ላይ ጎሚኒው ይታጠፍና ፔዳሉ ወለል ድረስ ይገባል። ከዚያ በኋላ ፍሬን የሚባል ነገር የለም።

"ግን አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይይዛል አይደል?" አለች ሀኒ ኮሮላዋን ወደ ኋላ እያወጣች። "ሁለት መስመር ነው የሚሆነው።"

"የአሁን መኪና ነው ሁለት መስመር። የሷ አንድ ነው። አንዱ ሄደ ማለት አራቱም ሄደ።"

"ማነው እንደዚህ አድርጎ የሚሠራ?"

"ከሱ በፊት የነበረው ሰውዬ አዲስ ፍሬን አስገብቶባት ነበር። ዙበይር ነው ያስነቀለኝ። ቀበቶውንም አስፈታኝ። ስትሠራ አልነበራትም አለ።"

"እናቱ ያለ ቀበቶ ነው የተቀመጡት?"

ተሻገር መንገዱን አየ። ብስክሌት፣ ጋሪ የምትገፋ ሴት፣ ቀይ መብራት። የቆመው መኪና ሁሉ ሲፈልግ መቆም የሚችል ነው፤ ይኼ ብርቅ ሆኖ ታየው።

"911 ልደውል? ፖሊስ ያስቁመው" አለች።

"ቆይ።"

"ምን እቆያለሁ?"

"መጀመሪያ እንያቸው። ፖሊስ ከመጣ..." አልጨረሰውም። ፖሊስ ከመጣ ማን ሠራው ይባላል፤ ፈቃዱ ይጠየቃል፤ ጋራዡ ይታሸጋል። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰበና ወዲያው ራሱን ጠላው። ሰው ሊሞት ነው፣ እሱ ስለ ወረቀት ያስባል።

ኦኮነር ላይ ሲደርሱ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አየ። ላንድክሩዘሯ አሸዋ የመሰለ ቀለም ናት፤ አትጠፋም ነበር። የለችም።

"ወይ ገና እናቱ ቤት ነው፣ ወይ አልፏል" አለች ሀኒ። "ወደ ፍሌሚንግደን ልዙር ወይስ ወደ ፖተሪ ሮድ?"

"አላውቅም።"

"አባዬ፣ አንዱን ምረጥ! መብራቱ አረንጓዴ ነው!"

ከኋላ ጡሩምባ ተነፋባቸው። ሀኒ መስኮቷን ዝቅ አድርጋ ልትሳደብ አንገቷን አወጣችና ቆም አለች።

"ይሸታል" አለች።

"ምን?"

"እንዴ፣ ምን ትለኛለህ? የሚቃጠል ነገር ነዋ! ጎማ ነው፣ ብረት ነው... እዚሁ መንገዱ ላይ ነው፤ አሁን ያለፈ መኪና ነው። የፍሬን ሽታ አይደለም?"

ተሻገር የራሱን መስኮት አወረደ። አየሩን ሳበ። ቀዝቃዛ ነው፣ ሌላ ምንም የለውም። ውሃ እንደ መጠጣት ነው።

"አዎ... ይሸታል" አለ።

ሀኒ ዞራ አየችው። የልጅነቷን ቅዳሜ ሁሉ ጋራዥ ውስጥ ነው ያሳለፈችው፤ አባቷ ከመንገድ ማዶ የሚያልፍ መኪና አሽትቶ ፍሪሲዮኑ አልቋል ሲል ስንቴ ሰምታለች።

"አይሸትህም" አለች።

"ወደ ፖተሪ ሮድ ንጂ።"

"አይሸትህም! ለዚህ ነው ሁለቱ የተምታቱብህ። ከመቼ ጀምሮ?"

"ንጂ፣ ሀኒ!"

ነዳች። መስኮቷን እንደ ከፈተች በአፍንጫዋ ነው የምትነዳው። ብሮድቪው ላይ፣ "አሁንም አለ" አለች። ትንሽ ቆይታ፣ "እየባሰ ነው።" ቀጥላ ድምፅዋ ሰለለ። "ሁለት ዓመት ነው አይደል? ስትታመም። ወጡ ሲያርር ዝም ብለህ የተቀመጥክ ቀን መጠየቅ ነበረብኝ።"

ተሻገር ጉልበቱን በሁለት እጁ ጨብጦ ነበር። እግሩ ባዶ ወለል ይረግጣል፤ እሱ ያለበት ጎን ፔዳል የለውም።

ወደ ፖተሪ ሮድ እንደ ታጠፉ አዩዋት። አሸዋማ ጀርባዋን ሰጥታ ቀስ ብላ ትሄዳለች፤ ፍሬኑ ይዞ ስላልለቀቃት እየተጎተተች ነው። ከኋላ ጎማዎቿ ቀጭን ጭስ ይወጣል። በኋላው መስኮት የእናቱ ሻሽ ይታያል። ከፊታቸው መንገዱ ጥቂት ይሄድና ይታጠፋል፤ ከዚያ ወደ ታች፣ ወደ ሐዲዱና ወደ መኪናው ጎርፍ ነው።

"ጡሩምባ ንፊ።"

ነፋች። ዙበይር እጁን አውጥቶ ሰላም አላቸው።

"ቅደሚውና ፊቱ ቁሚ።"

"ፍሬን የለውም እያልክ ፊቱ ልቁም?"

"ቁልቁለቱ አልጀመረም። አሁን ካልቆመ ከዚያ ወዲያ የሚያቆመው የለም። ቅደሚው!"

ሀኒ ነዳጅ ረገጠች። በተቃራኒው መስመር አልፋ ፊቱ ገባችና ፍጥነቷን ቀስ በቀስ ቀንሳ ቆመች። ተሻገር በመስተዋቱ ዙበይርን አየው። ፈገግ ብሏል። ቀጥሎ ፈገግታው ጠፋ። ትከሻው ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ አለ፤ ፔዳሉን እየደበደበው ነው። አሸዋማው ግንባር መስተዋቱን ሞላው።

"ጭንቅላትሽን ደገፍ አድርጊ" አለ ተሻገር።

ጓ አለ። ኮሮላው ወደ ፊት አንድ ክንድ ያህል ተንሸራተተና ያዘ። የተሻገር አንገት ተነቀነቀ። ምንም ሳይጠይቅ በሩን ከፍቶ ሮጠ፤ የላንድክሩዘሯን በር በርግዶ በዙበይር ጉልበት ላይ አጎንብሶ የእጅ ፍሬኑን ሳበው። እሱ በሽቦ ነው የሚሠራው፤ ዘይት አይፈልግም።

ሞተሩ ጠፋ። ከጎማዎቹ ውስጥ ጭስ ይወጣል። እናትየው የሳምቡሳ ሳህን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ከኋላ ተቀምጠዋል።

"ደረስን እንዴ?" አሉ።

ዙበይር ወርዶ ጎማውን ሊይዝ ሞከረና እጁን መለሰ።

"ወለሉ ድረስ ገባ! ጋሼ፣ ፔዳሉ እኮ ወለሉ ድረስ ገባ! ምንድነው የሆነው?"

"ጎሚኒው ነው" አለች ሀኒ ከኋላ። ፊቷ ነጥቷል፤ ድምፅዋ ግን የቢሮ ድምፅ ነው። "ዲፌክቲቭ ነው፤ ከፋብሪካው የተበላሸ። አሁን ነው ያወቅነው፤ ስንደውልልህ አላነሣ ስትል ተከትለንህ መጣን።"

"ከጃፓን ያስመጣሁት ጎሚኒ?"

"እሱ።"

"ኦሪጂናል ነው ብሎ በፋብሪካው ላስቲክ የላከልኝ! ሦስት ወር የጠበቅኩት!" ዙበይር ጭንቅላቱን ያዘ። "እከሰዋለሁ። ወላሂ እከሰዋለሁ! እናቴን ሊገድላት ነበር እኮ!" ወደ ተሻገር ዞረና ትከሻውን ሳመው፤ አንዴ፣ ሁለቴ። "እርስዎ ባይኖሩስ፣ ጋሼ? ማን ነው ለደንበኛው የገዛ ልጁን መኪና የሚያስመታ?"

የዙበይር እጅ ገና ተሻገር ትከሻ ላይ ነው። ከሱ ኋላ ሀኒ ዓይኗን ተክላበታለች። ዙበይር እናቱን ሊያወርድ ዞር ሲል ቀረበችው።

"ዝም በል" አለች በሹክሹክታ። "ስም ያልተጻፈበት ፕላስቲክ ኢንሹራንስ አይሸፍነውም፣ አባዬ። የምሠራው እዚያ ነው፤ አውቃለሁ። ጋራዡ ያልቃል። ሰው አልተጎዳም። እባክህ።"

"ነገ ደግሞ ለሌላ ሰው ተሳስቼ ብሞላስ?"

"እኔ እጽፍባቸዋለሁ። ሁሉም ላይ እጽፋለሁ። ዛሬውኑ።"

ትክክል ናት። ከመጻፍ የቀለለ ነገር የለም። ዙበይር አምኗል፤ የጃፓኑ ሻጭ ሩቅ ነው፤ ሰኞ ጋራዡ ይከፈታል፤ እሱም ጣቱን እየነከረ ወደ አፍንጫው ያስጠጋል።

ሄዶ የላንድክሩዘሯን ኮፈን አነሣ። ዙበይር እናቱን ከመንገዱ ዳር አቁሞ ተከተለው፤ ሀኒም መጣች። ተሻገር የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያውን ክዳን ፈታ። ከሥሩ ያለው ጎሚኒ እንደ እርጥብ ባቄላ አብጧል። ጣቱን ዘይቱ ውስጥ ነከረ፤ ገና ትኩስ ነው። እጁ ሳይታዘዝ ወደ አፍንጫው መጣ። ሁለቱም ምን እንደሚል እየጠበቁ ያዩታል።

እዚህ ላይ ሲደርስ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ራሱን ነቅንቆ ደህና ነው ሲል ኖሯል።

እጁን አወረደና ጣቱን ለዙበይር ዘረጋለት።

"አሽትተው" አለው። "እኔ አይሸተኝም።"