አራት ቀዳዳ ያለው ኪኒን

የአጎቴ ሚስት ስፌት ቤት ውስጥ እጅ ጨርቅ ይይዛል፣ ከንፈር ስፒል ይይዛል፣ ምላስ ደግሞ ዝም ይላል። ሦስተኛውን እስካሁን አልተማርኩትም።

ከንፈሬም ስፒል መያዝ ካቃተው ሰንብቷል። ድዴ አብጦ የፊት ጥርሶቼን እስከ ግማሽ ድረስ ሸፍኗቸዋል፤ ስፒል ሲነካው ይደማል። የሚጥል በሽታዬን የሚይዝልኝ ኪኒን ያመጣው ጣጣ ነው። የመድኃኒቱን ወረቀት ቃል በቃል ፈትቼ ካነበብኩ በኋላ ሐኪሙ ፊት ዘረጋሁት።

"ልክ ነሽ፤ ቀስ በቀስ በሌላ እንለውጠዋለን" አለ። "እስከዚያ ጥርስሽን በደንብ ቦርሺ። በራስሽ ፈቃድ እንዳታቆሚው ግን፤ በድንገት ከተቋረጠ ክፉኛ ይጥልሻል።"

ለአጎቴ ሚስት፣ ለእትዬ፣ ይህንኑ ነገርኳቸው። "ሐኪም ምን ቸገረው! እሱ አያገባሽ" አሉ። ኪኒኔን ደንበኛ እንዳያየው ከልብስ ቁልፍ ቆርቆሮዎቹ በአንዱ ውስጥ እንዳስቀምጥ ያዘዙኝም እሳቸው ናቸው።

ዛሬ ጠዋት አንዲት ሙሽራ ከእናቷ ጋር ለመጨረሻ ልክ መጣች። ነጩን ቀሚስ አጥልቃ በርጩማ ላይ ቆመች፤ ትከሻውን፣ ጎኑን፣ ጀርባውን በስፒል ያዝኩት። የኪኒኔ ሰዓት ሲደርስ ዓይኔን ከቀሚሱ ሳልነቅል ቆርቆሮው ውስጥ እጄን ሰድጄ አንዱን ምላሴ ላይ ጣልኩ።

አራት ቀዳዳ አለው።

ተፋሁት። ቆርቆሮውን ጠረጴዛው ላይ ገለበጥኩት፤ የሸሚዝ ቁልፍ ብቻ።

"እትዬ፣ ኪኒኔስ?"

"አንስቼዋለሁ። የሠርጉ ወራት እስኪያልፍ ድድሽ ይጉደል ብዬ ነው። ለአንቺው!"

"መቀስና ካውያ መሃል ስወድቅም ለእኔው ነው?"

የሙሽራይቱ እናት አፌን አየችና አፍንጫዋን ያዘች። "ኧረ ይቺ ልጅ አፏ ምን ሆኗል? ልጄን እንዳትነካብኝ! የሚጋባ እንደሆነስ?"

"አይጋባም፣ እማማ። ድድ ቢጋባ ምላስም ይጋባ ነበር፤ የእትዬ ሰፈሩን በጨረሰው።"

ሙሽራይቱ ፍርፍር ብላ ስትስቅ ስፒል ወጋት።

"ውጪ ከቤቴ!" ጮኹ እትዬ።

"እሺ። የሠራሁትን ይዤ እወጣለሁ።"

ከትከሻዋ አንድ ስፒል ነቀልኩ። ከዚያ ሌላ። እጅጌው ተንሸራተተ። ልክ የያዘው ሰው ካልሰፋው፣ ጨርቁ ከየት ወዴት እንደተሳበ ሌላ ሰው አያውቀውም። እትዬ ደግሞ ዓይናቸው ደክሞ መርፌ ላይ ክር ማስገባት ከተዉ ቆይተዋል።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"ስፒል እየለቀምኩ። ኪኒኔን ያመጣ ያስቆመኛል።"

ደረቱ ሲላላ ሙሽራይቱ ቀሚሱን በሁለት እጇ ጭምቅ አድርጋ ይዛ "እማ!" አለች። እናትየው አፍንጫዋን ለቃ እትዬ ላይ ዞረችባቸው።

"አንቺ ሴትዮ፣ የልጅቷን መድኃኒት ስጫት! ልጄ ራቁቷን ልትዳር ነው እንዴ?"

እትዬ ከጉያቸው አንድ ቋጠሮ አውጥተው ወረወሩልኝ። "እንቺ! ድድሽ ግንባርሽ ይድረስ!"

"ይድረስ። ቆሜ አየዋለሁ።"

አንዱን ያለ ውሃ ዋጥኩ። የቀረውን ኪሴ ከተትኩ፤ ከእንግዲህ ቆርቆሮ የለም። ለሙሽራይቱ እናት ድዴ እስከ ሥሩ እስኪታይ ድረስ ፈገግ አልኩላት። ፊቷን አዞረች።

ስፒሎቹን መልሼ ከንፈሬ ላይ ደረደርኩ። አንዱ ወጋኝ፤ ደሙ ቀሚሱ ላይ ሳይደርስ ዋጥኩት።

"ቀጥ ብለሽ ቁሚ" አልኳት ሙሽራይቱን።