ጌሾ ተራ በሙሉ ድምፅ ደግፏል

1.

«ሲስተም የለም»* አለኝ አቶ ሙሉሰው፣ እኔ ምንም ሳልጠይቀው።

* ሲስተም የለም፦ በመሥሪያ ቤቶቻችን ይቅርታ፣ አይቻልም፣ ምሳ ሰዓት ደርሷል እና ነገ ተመለስ ለማለት የሚያገለግል አንድ ሐረግ።

2.

ከመቀጠላችን በፊት እንተዋወቅ።

እኔ ማመልከቻ ጸሐፊ ነኝ። የወረዳው ጽሕፈት ቤት አጥር ሥር ዣንጥላ ዘርግቼ፣ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ዱካ ይዤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጫለሁ። «ለተከበረው ጽሕፈት ቤት» ብዬ እጀምራለሁ፤ «ከታላቅ አክብሮት ጋር» ብዬ እዘጋለሁ። በመካከሉ የሰው ለቅሶ አለ።

አቶ ሙሉሰው የወረዳው የሕዝብ ተሳትፎ ባለሙያ ነው። ጫማው ሁልጊዜ ንጹሕ ነው፤ ሰላምታውም አይጎድልም።

ደብሪቱ ጌሾ ትሸጣለች። ከወረዳው ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ጌሾ ተራ የሚባል ጉልት አለ። አርባ ሦስት ሴቶች ማዳበሪያ አንጥፈው ይቸረችሩበታል። እሷ ጥጉ ላይ፣ ከመብራት ምሰሶው አጠገብ ናት።

የከተማው ስም ይቅርብህ። አንባቢዬ ነህና ልጠንቀቅልህ።

3.

አስተያየቴን ቀድሜ ልንገርህ፤ ኋላ ታሪክ እያስመሰለ ሰበከኝ እንዳትል።

ስለ ፖሊሲ፦ እኛ ጋ ሲደርስ ባነር ነው። ነፋስ ይገለብጠዋል፤ ከዚያ ሌላ ይሰቀላል።

ስለ ነጻ ገበያ፦ ደብሪቱ ማንም ሳይደጉማት ጌሾዋን በፈለገችው ዋጋ ትሸጣለች። ገዢው ተወደደ ካለ ሁለት እርምጃ ሄዶ ከአልጋነሽ ይገዛል። ከዚህ የበለጠ ነጻ ገበያ ያየ ካለ ይምጣና ይንገረኝ። ነጻ ገበያ እናስፋፋለን የሚሉት ሰዎች ግን መጀመሪያ የሚያፈርሱት ይህንኑ ነው። ቦታውን ለአንድ ባለሀብት ይሰጡና «ስማርት የገበያ ማዕከል» ይሉታል። ያስጠላኛል። ቃሉ ራሱ ያስጠላኛል።

ስለ ቴክኖሎጂ፦ አልጠላም፤ በስልኬ ዳማ እጫወታለሁ። የሚያስጠላኝ ሰውዬው ፊት ለፊቱ ቆመህ ኮምፒውተሩን አይቶ «እዚህ ላይ እርስዎ የሉም» ሲልህ ነው።

ስለ መናገር መብት፦ አለ። ቅጹ ላይ ከአስተያየትህ በፊት ስምህን፣ ስልክህን፣ የመታወቂያ ቁጥርህንና የቤት ቁጥርህን ትሞላለህ። ከዚያ በኋላ በነጻነት ትናገራለህ።

4.

ለወረዳው አስተያየት መሰብሰቢያ ተብሎ አሥር ታብሌት መጣ። ጥያቄው አንድ ነበር፤ «ጌሾ ተራ ተነስቶ ስማርት የገበያ ማዕከል እንዲሠራ ምን ያህል ይስማማሉ?»

□ በጣም እስማማለሁ
□ እስማማለሁ
□ በከፊል እስማማለሁ

«አልስማማም የሚለውስ?» አልኩት አቶ ሙሉሰውን።

«እሱ በሚቀጥለው ቨርዥን ይገባል።»

አልሳቀም።

ታብሌቶቹ ኔትወርክ አጥተው ወደ ካርቶናቸው ተመለሱ። ሪፖርቱ ግን ለዓርብ ይፈለግ ነበር። የበላይ አካል ደግሞ ሲስተም ከሌለ የሕዝቡ አስተያየት በሕዝቡ በራሱ የእጅ ጽሑፍ ተሞልቶ ይምጣ ብሎ አዟል። ያን ጊዜ ነው እኔ የታሰብኩት።

5.

ቃለ ጉባኤ። ቦታ፦ ዣንጥላዬ ሥር።

ሙሉሰው፦ ጋሼ፣ እጅዎን ፈልጌ ነው የመጣሁት።

እኔ፦ ምን ልጻፍ?

ሙሉሰው፦ አስተያየት። አርባ ሦስት።

እኔ፦ የማን?

ሙሉሰው፦ የጌሾ ተራ ሴቶች። የስም ዝርዝራቸው ይኸው።

እኔ፦ ለምን እነሱን አትጠይቃቸውም? ማዶ ናቸው እኮ። ከዚህ ብትጠራቸው ይሰማሉ።

ሙሉሰው፦ ስብሰባ ጠርተን ነበር። ሁለት ሰው መጣ። ሌሎቹ የገበያ ቀን ነው ብለው ቀሩ።

እኔ፦ ሁለቱስ ምን አሉ?

ሙሉሰው፦ እሱን ይተዉት ጋሼ።

እኔ፦ አዲሱ ማዕከል ስንቱን ይይዛል?

ሙሉሰው፦ ለጊዜው አሥራ ሁለት። የንግድ ፈቃድ ያላቸውን።

እኔ፦ ከነዚህ ውስጥ የንግድ ፈቃድ ያላት አለች?

ሙሉሰው፦ (ጫማውን ያያል።) ማመልከቻ ሁሉ በኦንላይን ሊሆን መሆኑን ሰምተዋል አይደል? አጥር ሥር ያሉት ጸሐፊዎች ይነሳሉ። ስለ እርስዎ ግን እኔ ተናግሬያለሁ። ቦታዎን ማንም አይነካውም።

እኔ፦ በስንት ዓይነት እስክሪብቶ ልጻፈው?

6.

የመጨረሻዋን መስመር ደግመህ አንብባት።

እኔም ደግሜ አነባታለሁ። ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ ይባላል። እኔ ነበርኩም፤ ቀበርኩም።

7.

በአርባ ሦስት ሰው ስም አስተያየት ለመጻፍ፦

ሦስት እስክሪብቶ ያዝ። አንዱ ቀለሙ ሊያልቅ የደረሰ ይሁን። ለባልቴቶቹ ፊደሉን አንቀጥቅጠው። ሦስተኛ ክፍል ላቋረጠችው መስመሩን ወደ ላይ አስወጣው። አልፎ አልፎ ስህተት ጣል አድርግ፤ ጽዱ ጽሑፍ ያስጠረጥራል። ለአንዳንዷ ትንሽ ቅሬታ ጨምርላት፤ «መጸዳጃ ቤት ቢታሰብበት» ዓይነት። ያለ ቅሬታ የመጣ ድጋፍ ጨው እንደሌለው ወጥ ነው፤ አለቆች ቀምሰው ያውቁታል።

ማዶ አትይ።

ማዶ አትይ።

8.

(ይህ ክፍል ወጥቷል። ያወጣሁት እኔ ነኝ። ለራሴ የተከራከርኩበት ነበር።)

9.

ከጻፍኳቸው መካከል፦

ቁ. 7፦ «ልማት የሚጠላ የለም። እደግፋለሁ።»

ቁ. 15፦ «ዘመኑ የቴክኖሎጂ ስለሆነ ጌሾዬን በስልክ መሸጥ እፈልጋለሁ። እደግፋለሁ።» (አልጋነሽ። ስልክ የላትም። ቅጹ ላይ ያለው ቁጥር የአቶ ሙሉሰው ነው።)

ቁ. 22፦ «ፀሐይና ዝናብ ሰልችቶናል። እደግፋለሁ።» (ይህ ግማሹ እውነት ነው። ከሁሉም የሚያስጠላኝ እሱ ነው።)

ቁ. 31፦

10.

ቁጥር ሠላሳ አንድ ደብሪቱ ናት።

አሥራ ሁለት ዓመት ጽፌላታለሁ። ባሏ ሲሞት የጡረታውን ማመልከቻ ጻፍኩላት። የውሃ ቆጣሪዋ ሲሰረቅ ጻፍኩላት። ታናሽ ልጇ መታወቂያ ሲከለከል አራት ጊዜ ጻፍኩላት፤ በአራተኛው ተሳካ፤ ያን ለታ ጠረጴዛዬ ላይ አንድ እቅፍ ጌሾ አስቀምጣልኝ ሄደች። ጠላ እንደማልጠምቅ ታውቃለች። ያላት እሱ ስለነበረ ነው።

ከመንግሥት የጠየቀችውን ሁሉ በእኔ እጅ ነው የጠየቀችው። ስለዚህ ስሟ ጋ ስደርስ እጄ የለመደውን ጻፈ። የማንንም ጽሑፍ አላስመሰልኩም፤ ሌላ እስክሪብቶም አላነሳሁም፦

«እኔ ወይዘሮ ደብሪቱ በዚህ ቦታ ለሃያ ስድስት ዓመታት የሠራሁ ስሆን፣ ለከተማችን ዕድገት ሲባል ቦታዬን በደስታ የምለቅ መሆኔን እገልጻለሁ። ከታላቅ አክብሮት ጋር።»

ስጨርስ ጽሑፉ የራሴ መሆኑን አየሁ። ልቀደውና እንደገና ልጽፈው አሰብኩ። ፊደል አታውቅም ብዬ ተውኩት።

11.

ሪፖርት።

የተጠየቁ፦ 43
የመለሱ፦ 43
የተቃወሙ፦ የሉም
አጠቃላይ አስተያየት፦

ይደግፋሉ።

12.

ሰኞ ጠዋት ባነሩ ተሰቀለ፤ «ጌሾ ተራ በሙሉ ድምፅ ደግፏል»። ከሥሩ ትንሽ ወረቀት ተለጥፎ ነበር፤ ነጋዴዎች በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ቦታውን እንዲለቁ፣ ቅሬታ ያለው እስከዚያው ሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ እንዲያቀርብ ይላል። ቅሬታ የማቅረቢያው ጊዜ ማስታወቂያው ከመነበቡ በፊት ሊያልቅ ምንም አልቀረውም። ይህን የሚያስብ ጭንቅላት ደሞዝ ይበላል።

ሴቶቹ አንዷ ሌላዋን «አንቺ ነሽ የፈረምሽው?» እያሉ ይካሰሱ ጀመር። አልጋነሽና ጎረቤቷ ሊቧቀሱ ደረሱ። እኔ ማዶ ሆኜ ወረቀት አስተካክል ነበር፤ የተስተካከለ ወረቀት።

ደብሪቱ ግን ከማንም ጋር አልተጣላችም። ነጠላዋን አጣፍታ በቀጥታ ወረዳ ገባች። አቶ ሙሉሰው ቅጹን አውጥቶ አሳያት፤ አነበበላትም። «ይኸው እትዬ፣ የራስዎ ቃል ነው» አላት። አላልኩም ስትለው ደግሞ «እንግዲያው በስምዎ ማን እንደጻፈው ሙሉ ስሙን ጠቅሰው በጽሑፍ ያመልክቱ። ስም ከሌለው ቅሬታው አይታይም» አላት። ስም ካለው ግን የአርባ ሦስቱም ቅጽ ይጣራል፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። አቶ ሙሉሰው ደንቡን የጠቀሰው ስም እንደማታመጣ እርግጠኛ ሆኖ ነው።

ወረቀቱን ብዙ ቆማ አየችው አሉ።

ከዚያ ወደ እኔ መጣች።

13.

«ጻፍ» አለችኝ ዱካው ላይ ተቀምጣ።

እስከዚያች ቀን «ይጻፉልኝ ጋሼ» ነበር የምትለኝ።

ወረቀት ሳብኩና «ለተከበረው» ብዬ ጀመርኩ።

«እሱን ተወው። እኔ የምልህን ብቻ ጻፍ።»

«እሺ ደብሪቱ። ምን ሆነሽ ነው?»

«አቶ ሙሉሰው ያንን ወረቀት አውጥቶ አሳየኝ። ፊደል አላውቅም። እጅህን ግን አውቃለሁ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የጻፍክልኝን ሁሉ ቅጂውን ሳጥኔ ውስጥ አኑሬ ሳየው ነው የኖርኩት። ልጆቼን ያሳደገልኝ ጽሑፍ ነው ብዬ ለጎረቤት ሁሉ አሳይቼዋለሁ።»

«ደብሪቱ፣ እንደኔ የሚጽፍ ብዙ...»

«ጻፍ አልኩህ።»

14.

በዚያች ደቂቃ ያዘጋጀኋቸው ምክንያቶች፦

ሀ) እኔ ባልጽፈው ሌላ ሰው ይጽፈው ነበር።
ለ) ሲስተም ስላልነበረ ነው።
ሐ) መነሳቱ የማይቀር ነው፤ ቢያንስ አንዳችን

ሦስተኛውን ልጨርሰው አልቻልኩም። ራሴን ተጸየፍኩ። ወረዳውን፣ ታብሌቱን፣ ባነሩን ስጸየፍ ኖሬ ነበር፤ እሱ ቀላል ነው፤ አፍ ይጣፍጣል። ይሄኛው አይጣፍጥም።

15.

ቃሏ፣ እንዳለችው፦

«እኔ ደብሪቱ ነኝ። ጌሾ ነው የምሸጠው። ከቦታዬ ልነሳ አላልኩም። የጠየቀኝም የለም፤ መንገድ መሻገር አቅቷቸው። ልማት አልጠላም። ከመብራት እንጨቱ ሥር እኔን አስቀምጡና ሌላውን አልሙት። ሁለት ልጅ ያሳደግኩበት ነው፤ ሌላ የምሄድበት የለኝም። ያንን ወረቀት የጻፍኩት እኔ አይደለሁም። ሌሎቹም ሴቶች አልጻፉም። በስማችን የጻፈብን ሰው አለ። አውቀዋለሁ። ስሙን ከነአባቱ ይኸው።»

እዚህ ላይ ቀና ብላ አየችኝ። እስክሪብቶውን ከወረቀቱ ሳላነሳ ጠበቅኩ።

«ስሙን ንገሪኝ እንጂ» አልኳት። ይህን ማለቴን እስከ ዛሬ አላምንም።

«አልነግርህም» አለች። «አንተ ጻፈው።»

አቶ ሙሉሰው መስኮቱ ላይ ቆሞ ያየናል። ለአሥራ አንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነው። ደብሪቱ አውራ ጣቷን ለፊርማ ቀለም ነክራ፣ እንዳይነካባት ከነጠላዋ አርቃ ይዛ ትጠብቃለች።

16.

በስማችን የጻፈው ሰው ሙሉ ስም፦